ስለ በረሓው ፏፏቴና ስለ እንግድነት ወግ

ከአገራችን ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ ዛሬ ልጅ ወይም ወንድም፣ እኅት ወይም የእኅት ልጅ በአሜሪካ አገር ስላላቸው፣ ባሕር ተሻግሮ ዘመድ መጠየቅ እንደ ቀድሞው ዘመን ብርቅ ነገር መሆኑ ቀርቷል። የሄደውም ሰው ናፍቆቱን ከተወጣ በኋላ «እስቲ ደግሞ አገሩን አሳዩኝ» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ወጣቶቹ ስሙ የተጠራውን፣ ሥዕሉ በየግድግዳው የተሰቀለውን ስፍራ ያሳዩታል። እኔ ግን በዚህ ሳምንት ለአንባቢዎቼ የማወራው ስሙ እምብዛም ስላልተጠራ፣ ከዓመቱም የሚበዛውን ወራት ደረቅ ገደል ሆኖ ስለሚከርም አንድ ፏፏቴ ነው። ሦስት ጊዜ ሄጄበት አንድ ጊዜ ብቻ አይቼዋለሁ። ካየሁበት ቀን ይልቅ ያላየሁባቸው ሁለት ቀኖች የበለጠ ስላስተማሩኝ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ መናገር ይገባኛል። በአሜሪካ ስለሆነው ነገር የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

አሪዞና የሚባለው አገር ከተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በደቡብ ምዕራብ በኩል የሚገኝ ነው። ዋና ከተማው ፊኒክስ ከባሕር ወለል በላይ 330 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ በበጋው ወራት ሙቀቱ እጅግ የሚያቃጥል ነው። እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ቁልቋል የሚመስል እሾሃም ተክል በየኮረብታው ላይ ይታያል። ከዚያ ወደ ሰሜን 230 ኪሎ ሜትር ያህል በኦቶሞቢል የተጓዘ ሰው ግን ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከቆላ ወጥቶ ደጋ ይገባል። በዚያ ያለችው ፍላግስታፍ የምትባለው ከተማ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት፣ በረዣዥም ጥዶች የተከበበች፣ በክረምትም በረዶ የሚወርድባት ናት። ከከተማዪቱ በላይ የሳን ፍራንሲስኮ ተራሮች ቆመዋል፤ ከፍተኛው ጫፋቸው 3,850 ሜትር ያህል ይደርሳል።

ከፍላግስታፍ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርዱ ዛፉ እያነሰ፣ ሣሩም እየሳሳ ይሄዳል። መሬቱም ቀይና ብጫ፣ ነጭና ሐምራዊ እየሆነ ስለሚለዋወጥ ያን አገር «የተቀባው በረሓ» ብለው ይጠሩታል። ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወንዙ በድንገት ወደ ገደል በሚወድቅበት ስፍራ፣ ያ ያልኋችሁ ፏፏቴ ይገኛል። ስሙ ግራንድ ፎልስ ይባላል፤ ትርጓሜውም ታላቁ ፏፏቴ ማለት ነው። ቁመቱ 56 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ዓለም ሁሉ ከሚያውቀው ከናያጋራ ጋር ይተካከላል ቢባል ሐሰት አይደለም።

ይህ መሬት የማን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ባለ አገሮቹ ናቫሆ የሚባሉት፣ እነርሱ ግን ራሳቸውን በቋንቋቸው ዲኔ፣ ማለት «ሕዝቡ» ብለው የሚጠሩት ነባር ሰዎች ናቸው። በ1864 ዓመት የአሜሪካ ጦር ከአገራቸው አስለቅቆ፣ ሽማግሌውንና ሕፃኑን ሳይለይ፣ በእግሩ በኒው ሜክሲኮ ምሥራቅ ወዳለው ወደ ቦስኬ ሬዶንዶ ነዳቸው። በመንገድም በስደቱም ስፍራ ብዙ ሰው በረኃብና በደዌ አለቀ። በ1868 ዓመት በጁን 1 ቀን ግን ከመንግሥት ጋር ውል ተዋውለው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዛሬ ምድራቸው በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ የተዘረጋ፣ ስፋቱም 71,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ነው። የራሳቸው ሸንጎ፣ የራሳቸው ዳኛና የራሳቸው ፖሊስ አላቸው። ፏፏቴውም ያለው በዚህ በናቫሆ ምድር ውስጥ ነው። እንግዲህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ባለቤት ወደሌለው በረሓ ሳይሆን ወደ ሰው ግቢ እንደሚገባ ማሰብ ይገባዋል።

ፏፏቴው እንዴት እንደ ተፈጠረ የመሬትን ነገር የሚመረምሩት ሊቃውንት እንዲህ ሲሉ ያስረዳሉ። ትንሹ ኮሎራዶ የሚባለው ወንዝ በአሪዞና ምሥራቅ ካሉት ከነጭ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይፈሳል። ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ተጉዞም ከታላቁ ኮሎራዶ ወንዝ ጋር ይገናኛል። በጥንት ዘመን ወንዙ በዚህ ስፍራ ጥልቅ ሸለቆ ቈፍሮ ነበረ። ከዛሬ 20,000 ዓመት ያህል በፊት ግን ሜሪያም ከሚባለው የእሳተ ገሞራ ኮረብታ በኩል የቀለጠ ድንጋይ እንደ ጎርፍ ወጥቶ፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከፈሰሰ በኋላ ሸለቆውን ሞላው፤ ከወዲያኛውም ዳር ተሻግሮ ቆመ። ወንዙ በገዛ መንገዱ መሄድ ስለ ተከለከለ፣ ጥቁሩን ድንጋይ ዞሮ አለፈና ከሸለቆው ጫፍ ላይ ተመልሶ ወደ ጥንቱ ገደል ወደቀ። ዛሬም ከዳር የቆመ ሰው በአንድ ወገን ጥቁሩን የእሳት ድንጋይ፣ በሌላው ወገን ገርጣ ያለውንና እንደ ደረጃ የተነባበረውን የኖራ ድንጋይ አንድ ላይ ያያል።

ይሁን እንጂ ውሃው ሁልጊዜ የለም። በዓመት ውስጥ የሚመጣው በሁለት ወራት ነው። የመጀመሪያው በማርችና በኤፕሪል፣ በነጭ ተራሮች ላይ የከረመው በረዶ ሲቀልጥ ነው። ሁለተኛው ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር፣ ከሰዓት በኋላ በድንገት የሚወርደው የበጋው ነጐድጓዳማ ዝናብ ሲጥል ነው። በቀረው ጊዜ ወንዙ ደርቆ አሸዋ ይሆናል፤ ቢኖርም እንደ ክር ቀጥኖ ነው። ውሃው በመጣ ጊዜ ደግሞ ያን ሁሉ የተቀባ አፈር ጠርጎ ስለሚያመጣ፣ መልኩ ወተት እንደ ገባበት ቡና ነው። አሜሪካኖችም በቀልድ «የቸኮላት ፏፏቴ» ይሉታል።

መጀመሪያ የሄድሁት በ2016 ዓመት በኦክቶበር ወር ነው። የእኅቴ ልጅና ባልዋ በፊኒክስ ይኖራሉ። ልጃቸው ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበረ። የውሃውን ወራት ጠይቀን ስላልሄድን፣ ያገኘነው አንድ ትልቅ ደረቅ ግንብ ብቻ ሆነ። ነፋሱ አሸዋውን እያነሣ ፊታችንን ይገርፈን ነበረ። ሕፃኑ «ውሃው የታለ?» ብሎ ጠየቀ፤ የሚመልስለት ሰው አልነበረም። ቀጥሎም ወደ ሸለቆው ወርዶ በወንዙ አሸዋ ላይ ሊጫወት ፈለገ። አባቱ ሰማዩን አየና «ደመና የለም፤ ይውረድ» አለ። እኔ ግን እጁን ይዤ ከለከልሁት። ልጁ ቢያለቅስም አልለቀቅሁትም፤ ምክንያቴንም ለአባቱ በዚያው ነገርሁት።

በበረሓ አገር ሰውን የሚገድለው ጥማት ብቻ አይደለም፤ ውሃም ይገድላል። ከዚሁ ፏፏቴ በስተ ሰሜን፣ በናቫሆ ምድር ውስጥ፣ አንቴሎፕ የሚባል እጅግ ጠባብ ሸለቆ አለ። በኦገስት 12 ቀን 1997 ዓመት በዚያ ሸለቆ ውስጥ የገቡ 11 ጎብኚዎች በደራሽ ውሃ ተወስደው ሞቱ። የገደላቸውን ጎርፍ ያመጣው ዝናብ የጣለው በእነርሱ ራስ ላይ ሳይሆን ርቆ ባለው ከፍታ ላይ ነበረ። ይህም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1998 ዓመተ ምሕረት፣ በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በሌሊት በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወርዶ በድሬዳዋ ከሁለት መቶ ሰው በላይ ፈጅቷል። ስለዚህ በደረቅ ወንዝ ውስጥ የሚገባ ሰው በራሱ ላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን ወንዙ ከሚነሣበት አገር ላይ ያለውን ሰማይ መጠየቅ አለበት። የማይታየውንም ሰማይ በዓይን መጠየቅ ስለማይቻል፣ ለሕፃን የሚሻለው ከዳር መቆም ነው።

ሁለተኛ የሄድሁት በ2019 ዓመት በማርች መጨረሻ ነው። በዚያ ዓመት በፌብሩዋሪ ወር በፍላግስታፍ በአንድ ቀን ብቻ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል በረዶ ወርዶ ስለ ነበረ፣ ውሃው እንደሚመጣ ተስፋ አድርገን ሄድን። ተስፋችንም አላፈረም። ኦቶሞቢሉ ገና ሳይቆም ድምፁ ተሰማን፤ ምድሪቱም ከእግራችን በታች የምትንቀጠቀጥ መሰለን። ከዳር ደርሰን ባየን ጊዜ፣ ያ የቀድሞው ደረቅ ግንብ ከላይ እስከ ታች በቡናማ ውሃ ተሸፍኖ ነበረ። ከታች የሚነሣው ጭጋግ ራሱ አፈር የተቀላቀለበት ስለሆነ፣ ነፋሱ ባዞረብን ጊዜ ልብሳችንንና ፊታችንን በጭቃ ነጠብጣብ ሞላው። ልጁ ዐሥር ዓመት ሆኖት ነበረ። በአባቱ ፊት ላይ ያለውን ጭቃ አይቶ እስኪያለቅስ ድረስ ሳቀ።

በዚያው ቀን ግን አንድ ነገር አድርገናል፤ እርሱንም ሳልደብቅ እናገራለሁ። በሬንጅ ከተሠራው መንገድ ወጥቶ ወደ ፏፏቴው የሚያደርሰው የአፈር መንገድ ነው። በረዶው ቀልጦ ስለ ነበረ፣ በአንድ ስፍራ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ቆየን። የእኅቴ ልጅ ባል ኦቶሞቢሉ እንዳይያዝበት ፈርቶ ከመንገዱ ወጣና በሣሩ ላይ ነዳ። ከእኛ በፊትም ብዙዎች እንዲሁ አድርገው ኖሮ፣ አንዱ መንገድ አራት አምስት መንገድ ሆኗል። የእኛ መንኰራኵር ያለፈበት ግን ገና ያልተረገጠ ሣር ነበረ። ፈንጠር ብለው አንዲት አሮጊት ጥቂት በጎችና ሁለት ውሾች ይዘው ቆመው ነበረ። እኔ ከመስኮቱ ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሣኋቸው። እርሳቸው ግን አስቀድመው የመንኰራኵሩን ፍለጋ አዩ፤ ቀጥለው እኛን አዩን፤ አንድ ቃልም ሳይናገሩ በጎቻቸውን አዙረው ሄዱ።

የዚያን ዝምታ ትርጓሜ ያወቅሁት በኋላ የሕዝቡን ታሪክ በማነብበት ጊዜ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ መንግሥት «ግጦሹ ተጎድቷል፤ አፈሩም ታጥቦ አለቀ» ብሎ፣ ከናቫሆ በጎችና ፍየሎች እጅግ ብዙውን በግድ አስቀንሶ ነበረ። በጎቹ ለእነርሱ ገንዘብም፣ ምግብም፣ የሴቶቹም የሽመና ጥሪት ስለ ነበሩ፣ ያ ኀዘን በየቤቱ እስከ ዛሬ ይነገራል። በዚያ በረሓ የመሬቱ ላይኛ ቅርፊት አንድ ጊዜ በመንኰራኵር ከተሰበረ መልሶ እስኪያገግም ድረስ ብዙ ዓመታት ያስፈልገዋል። አባቶቻቸው ስለ ሣሩ ሲሉ በጎቻቸውን የተቀሙ ሰዎች፣ እንግዳ መጥቶ ያንኑ ሣር ለመዝናኛ ሲረግጥባቸው ቢያዩ ምን ሊሰማቸው እንደሚችል አንባቢ ራሱ ይፍረደው።

ሦስተኛ የሄድነው በ2023 ዓመት በኤፕሪል ወር ነው። በዚያ ጊዜ ታላቅ እኅቴ፣ ማለት የልጁ አያት፣ ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ መጥተው ነበረ። ዕድሜያቸው ሰባውን አልፏል፤ ጉልበታቸውም ይደክማል። እኔ የቡናማውን ውሃ ነገር አውርቼላቸው ስለ ነበረ፣ «ጢስ ዓባይን በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ይህን ደግሞ ሳላየው አልመለስም» ብለው ቀኑን ይቈጥሩ ነበረ። በዚያም ክረምት ብዙ በረዶ ስለ ወረደ፣ ውሃው እንደሚሞላ አልተጠራጠርንም። ስንቅ ቋጥረን፣ ለእርሳቸው ትራስ ደልድለን፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ከፊኒክስ ተነሣን።

ከመገንጠያው በደረስን ጊዜ ግን ስፍራው ለጎብኚ የተዘጋ መሆኑን የሚናገር ማስታወቂያ ቆሞ አገኘን። በኋላ እንደ ተረዳነው፣ የአካባቢው ሰዎች በዚያው ዓመት በማርች ወር ፏፏቴውን ለእንግዳ ዘግተውት ነበረ። ምክንያታቸውም ጎብኚው እየበዛ ሄዶ ቆሻሻ መጣሉ፣ ከመንገድ ወጥቶ በግጦሹ ላይ መንዳቱ፣ በነዋሪውም ቤትና ከብት ዘንድ ያለ ፈቃድ መግባቱ ነው። ነገሩ ተነግሮ ሳለ እኛ ሳንጠይቅ መሄዳችን የራሳችን ጥፋት ነበረ።

የእኅቴ ልጅ ባል ኦቶሞቢሉን አቁሞ ወደ እኔ ዘወር አለና «ጋሼ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ነድተን መጥተናል። የሚያየን ሰው የለም። አንድ ጊዜ እናሳያቸውና እንመለስ፤ ምን እንወስድባቸዋለን?» አለኝ። ልጁም አሁን የዐሥራ አራት ዓመት ጎረምሳ ሆኗልና፣ ቴሌፎኑን አውጥቶ «በስተ ጎን የሚያስገባ ሌላ መንገድ አለ፤ ይኸው ይታያል» አለ። መስኮቱን ከፍተን ጆሮአችንን ብንሰጥ፣ ነፋስ ይሁን ውሃ ያልተለየ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ መሰለን። እኔ ዝም አልሁ። አንባቢዎቼ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው ዝምታዬ የጥበብ ዝምታ እንዳልነበረ ነው። የእኅቴን ድካም አስቤ፣ ሁለተኛ እንደማይመጡም አስቤ፣ ሌላው ሰው «እንግባ» ብሎ ኀላፊነቱን እንዲወስድልኝ እጠብቅ ነበረ።

እኅቴ ከኋላ ሆነው «ምን ብለው ጻፉ?» ብለው ጠየቁ። ልጁ አንብቦ በአማርኛ ነገራቸው። «የዘጉት እነማን ናቸው?» አሉ። «ባለ አገሮቹ ናቸው፣ እማማ» አላቸው። እርሳቸውም ነጠላቸውን እያስተካከሉ «እንግዲያስ ምን እንጠብቃለን? የሰው በር ተዘግቶ ቢያገኙት ‹ቤቶች!› ይላሉ፤ የሚከፍት ሲጠፋ ይመለሳሉ እንጂ በአጥር ዘለው አይገቡም» አሉ።

እኔም «እትዬ፣ ይህን ሁሉ መንገድ የደከሙት ይህን ለማየት ነበረ፤ ዳግመኛም የሚመቸን አይመስለኝም» አልኋቸው። እርሳቸውም «እኔ ባላየው ምን እሆናለሁ? ይህ ልጅ ግን ዛሬ የምናደርገውን ያያል» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው የለም። ኦቶሞቢሉ ዞረ።

ከፍላግስታፍ በሰሜን በኩል ካሜሮን የምትባል መንደር አለች። ከእርስዋ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ታላቁ ገደል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የናቫሆ መንግሥት ለእንግዳ ያዘጋጀው የትንሹ ኮሎራዶ ሸለቆ መመልከቻ ይገኛል። ወደዚያ ሄድን። ናቫሆዎቹ በብርና በሰማያዊ ፈርጥ የሠሩትን ጌጥ በየጠረጴዛው ዘርግተው ይሸጣሉ፤ እኅቴም ለልጃቸው አንድ የአንገት ጌጥ ገዙ። ከዚያ በኋላ ከብረቱ አጥር አጠገብ ቆመው፣ የልጅ ልጃቸውን ክንድ ይዘው ወደ ታች ተመለከቱ። ሸለቆው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ እጅግም ጥልቅ ስለሆነ፣ ከግርጌው የሚሄደው ወንዝ ከላይ ሲታይ እንደ መቀነት ይቀጥናል። መልኩም ቡናማ ነበረ። ልጁ ጠዋት ከተመለስንበት ሰዓት ጀምሮ አኵርፎ ሳይናገር ቆይቶ ነበርና፣ አሁን «ይህ ያ ውሃ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አዎን፣ ያ ውሃ ነው፤ ከፏፏቴው ወድቆ፣ በካሜሮን በኩል አልፎ የመጣው ያው ውሃ ነው። ከዚያም በታች ሄዶ፣ ብሉ ስፕሪንግስ የሚባሉት ምንጮች በሚፈልቁበት አገር ይደርሳል። ጎርፉ ባነሰ ጊዜ ምንጮቹ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ በሚያመጡት ማዕድን የተነሣ የወንዙ መጨረሻ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። እኅቴ ይህን ሁሉ ስነግራቸው ሰምተው «እንግዲያስ አየሁት ማለት ነው» አሉ።

በመመለሻችን መንገድ ላይ ልጁ አባቱን «በዚያን ጊዜ በሣሩ ላይ የነዳነው እኛ ነን አይደለም?» ብሎ ጠየቀው። አባቱም ጥቂት ቆይቶ «አዎን፤ የነዳሁት እኔ ነኝ» አለው። አባት በልጁ ፊት ጥፋቱን በአፉ ሲያምን መስማት ለእኔ ከፏፏቴው ድምፅ የበለጠ ነበረ።

ስለዚህ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ እንግዳ አገር የምትሄዱ አባቶችና እናቶች፣ ከዚህ ታሪክ የሚወጣውን ጥቂት ምክር ብታስቡት መልካም ነው። አንደኛ፣ ለማየት የፈለጋችሁት ስፍራ የማን እንደሆነ፣ በዚያም ዓመት ለእንግዳ የተከፈተ መሆኑን ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ። በናቫሆ ምድር የሚጠየቁት የናቫሆ ሹማምንት ናቸው፤ በተከፈተውም ስፍራ ፈቃድና ክፍያ የሚያስፈልግበት አለ። ሁለተኛ፣ ደረቅ ወንዝና ጠባብ ሸለቆ በሰላም ቀንም ቢሆን አይታመንምና፣ ወንዙ በሚነሣበት አገር ዝናብ መኖሩን ሳታውቁ ልጅ አታውርዱበት። ሦስተኛ፣ ከመንገድ አትውጡ፤ መንገዱ የማያሳልፍ ቢሆን ተመለሱ። ያመጣችሁትንም ቆሻሻ ይዛችሁ ሂዱ። አራተኛ፣ የአገሩን ሰው፣ ቤቱንና መንጋውን ሳታስፈቅዱ ሥዕል አታንሡ። አምስተኛ፣ በሩ ተዘግቶ ያገኛችሁ እንደሆነ ሳታጉረመርሙ ተመለሱ።

አባቶቻችን «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እያሉ የሚነቅፉት ሰው ከቤቱ ርቆ በሄደ ጊዜ ጠባዩ የሚለወጥ አይደለም። በቤታችን የእንግዳ ክብር የሚገባንን ያህል፣ በሰው ደጅ እንግዳ ስንሆንም የባለቤቱ ክብር ሊገባን ያስፈልጋል። ገንዘብ ከፍለን፣ መንገድ ደክመን የመጣን መሆናችን የሰውን ግቢ የእኛ አያደርገውም። ልጅም ይህን የሚማረው ከምንነግረው ይልቅ በተዘጋ በር ፊት በቆምን ጊዜ ከምናደርገው ነው።

እኅቴ ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ጎረቤቶቻቸው ስለ አሜሪካ በጠየቋቸው ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድመው የሚያወሩት ስለዚያ ቡናማ ወንዝ ነው። ፏፏቴውን አየሁ አይሉም። «እስከ ደጁ ሄደን፣ ቤቶቹ ስላልተመቻቸው ተመለስን» ይላሉ።